የጋሽ አያሌው ሳጥኖች

እኔ መስኮት ብዬ የማውቀው የቤት መስኮት ነው። የእኔዋ ወደ ዋናው መንገድ ታያለች። ከወልድያ የመጣ ሚኒባስ መርሳ ገብቶ ማንን እንዳወረደ፣ የወረደው ሰው ምን እንዳንጠለጠለ፣ ማን እንደተቀበለው እሷ ላይ ሆኜ አውቃለሁ። ሰው "ታንጉት ወሬ ታመላልሳለች" ይለኛል። እኔ ምን አደረግኩ? ወሬው ነው በመስኮቴ ፊት የሚያልፈው። ዓይኔን ጨፍኜ ልቀመጥ እንዴ?

ኮምፒውተርም መስኮት እንዳለው የሰማሁት ጥፋቱን ካጠፋሁ በኋላ ነው። ዊንዶው ይሉታል። ከእንግሊዝኛ የማውቃት ቃል ጥቂት ናት፤ ዊንዶው ግን አንዷ ናት። የሚኒባስ ረዳት "ዊንዶው ክፈቱ፣ ሙቀት ነው" ሲል ሰምቼ የያዝኳት። ምነው ባልያዝኳት ኖሮ። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ጋሽ አያሌው የአጥር ጎረቤቴ ነበሩ። "ነበሩ" ማለቱን አፌ እስካሁን አልለመደውም። ዕድሜያቸውን መንግሥት ቤት በታይፕ ጸሐፊነት ጨርሰው፣ ጡረታ ሲወጡ ግቢያቸው ካለችው ማንጎ ሥር ጠረጴዛ አወጡና ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ያዙ። መሬት የተወሰደበት፣ ባሏን የምትከስ፣ መታወቂያ የጠፋበት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ሲያረቁ በእጃቸው፤ ሲያጠናቅቁ ከውስጥ ባለችው አሮጌ ኮምፒውተር። የእጃቸው ጽሕፈት ማማሩ። እኔ የተማርኩት አራተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ የእሳቸውን እጅ ግን ከቆምኩበት ሆኜ አነባለሁ። ሰላም ልበላቸው ብዬ ስገባ ዓይኔ ጠረጴዛቸው ላይ ያርፋል። ማን ማንን እንደከሰሰ ከዳኛው በፊት አውቅ ነበር። እሳቸው ወረቀቱን በክንዳቸው ሸፈን አድርገው "ታንጉት፣ ደህና ነሽ?" ይሉኛል። "ደህና ነኝ ጋሼ" እላለሁ፤ ከክንዳቸው ሥር የቀረችውን መስመር እያነበብኩ።

ኮምፒውተሯ እንደ ባለቤቷ ግትር ነበረች። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ዘይነባ ስንቴ ለመነቻቸው፤ አዲሱን የግዕዝ ፊደል ልጫንልዎት፣ ሁሉም ሰው በእሱ ነው የሚጽፈው፣ ስልክም ያነበዋል ብላ። እምቢ አሉ። አዲሱ ፊደል ቀጫጫ ነው፣ የታመመ ሰው ይመስላል አሏት። እሳቸው የሚጽፉት መሥሪያ ቤት ሳሉ በሲዲ በተሰጣቸው በድሮው ነው። የእሱ "ለ" እግሯ ረዘም ይላል፣ "ሰ"ዋ ደግሞ ትከሻዋ ሰፊ ነው። እኔም ወድጄው ነበር፤ ከሩቅ ይነበባል።

አንድ ልጅ ነበረቻቸው፤ ሰናይት። ወልድያ ትማር ነበር። የዛሬ ሰባት ዓመት ለገበያ ወልድያ ሄጄ ሰናይትን ባጃጅ ውስጥ አየኋት። ባጃጅ መሳፈር ኃጢአት ነው? አይደለም። ግን የተቀመጠችው ከፊት ነው፤ ከነጂው ጎን ተጣብቃ። ከኋላው ወንበር ባዶ እያለ። ይህን አይቼ እንዴት ዝም ልበል? በዚያው ቀን መርሳ ገብቼ ዕቃዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ለጋሽ አያሌው ነገርኳቸው። የኋላው ወንበር ባዶ መሆኑንም አልረሳሁም።

አስጠሯት። መጣች። ትምህርቱን እንዳቆመች፣ ባጃጅ ነጂውን ልታገባው እንደሆነ አልደበቀችም። ጋሽ አያሌው ሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጪ አሏት። አልረገጠችም። ከወልድያ መርሳ በሚኒባስ ሰዓት አይሞላም፤ ሰባት ዓመት ፈጀባት።

የመጣችው ዘንድሮ ነው፤ ለቀብር። ጋሽ አያሌው ከማንጎዋ ሥር ማመልከቻ እያረቁ ሳሉ አንድ ቀን ጭንቅላታቸውን ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አደረጉ፤ በዚያው ቀሩ። ባለጉዳዩ እንቅልፍ መስሎት ትንሽ ጠብቋቸዋል። ሰናይት ደርሳ አፈር ሲመለስ ብቻ አየች። ሐዘን ላይ አታለቅስም፣ አትበላም፤ እናቷን እትዬ በላይነሽን እየደጋገመች አንድ ነገር ትጠይቃለች።

"እማዬ፣ ስለኔ ምን አለ?"

"ድንገት ነው የሄደው ልጄ። ምን ይበል?"

"ከዚያ በፊትስ? በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ስሜን አላነሳም?"

እትዬ በላይነሽ የዋህ ናቸው፤ መዋሸት አያውቁበትም። አላነሳም አሏት። እኔ ከጎን ተቀምጬ መሬት መሬት አያለሁ። ያን ቀን ምላሴን አውልቄ ኪሴ ውስጥ ብከትተው ደስ ባለኝ።

ከዚያ እትዬ በላይነሽ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። የሆነ ጊዜ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ይሆናል፣ ጋሽ አያሌው ባለጉዳይ በሌለበት ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጠው ነበር። ምን ትጽፋለህ ሲሏቸው የግል ነው አሏቸው። እንግዲህ ኮምፒውተሯ ትከፈት ተባለ። አልነሳም አለች። ባለቤቷ ከሞተ ጀምሮ እሷም ሐዘን ተቀምጣለች። መስታወቷም ከዳር ተሰንጥቋል።

ወልድያ ወስጄ አሠራታለሁ አልኩ። ማንም ሳያዘኝ። የበደልኩትን በዚህ የምክስ መስሎኝ፤ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌ ወሰድኳት። ጠጋኙ ነገ ተመለሽ አለኝ። መርሳ ገብቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ደወለ።

"እናቴ፣ ይሄ ነገር ዊንዶው መቀየር አለበት። ልቀይረው?"

ዊንዶው። ይችንማ አውቃታለሁ። የተሰነጠቀው መስታወት ትዝ አለኝ። እንግሊዝኛ ገባኝ ብዬ ደረቴ ተነፋ።

"ቀይረው" አልኩት። "ደህና አድርገህ ቀይረው፤ እንዳታንገራግር።"

በማግስቱ ስሄድ መስታወቷ እንደተሰነጠቀ ነው። "ምኑን ቀየርከው ታዲያ?" ብዬ ተቆጣሁት። ውስጡን አለኝ። ኮምፒውተር ሁለት ጓዳ አለው አሉ። በአንደኛው ጓዳ የነበረውን ጠራርጎ አውጥቶ አዲስ ዊንዶው አስገባበት፤ የሁለተኛውን ጓዳ ዕቃ አልነካም። ጽሑፎቹ በሁለተኛው ጓዳ ስለነበሩ ተርፈዋል። ጋሽ አያሌው የሚጽፉበት የድሮው ግዕዝ ግን በመጀመሪያው ጓዳ ነበር። እኔ በቃሌ፣ በስልክ፣ "እንዳታንገራግር" ብዬ አስጠረግኩት። ሲዲውም ከስንት ዘመን በፊት የጠፋ ነው።

መርሳ አምጥተን ስንከፍታት ከማመልከቻዎቹ መሃል አንዱ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ፊደል ስም አለው። ሰናይት "የኔ ስም ነው" አለች። ተከፈተ። ያየነው ግን አማርኛ አይደለም፤ የእንግሊዝኛ ፊደል ከነጥብ፣ ከቅንፍና ከምልክት ጋር ተደባልቆ፣ ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላል።

በፍላሽ ይዘን ዘይነባ ጋ ሄድን። እኔ፣ እትዬ በላይነሽና ሰናይት። ዘይነባ አየት አድርጋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

"ወላሂ ይሄ የጋሼ ግትርነት ነው፤ አላህ ይማራቸው። ፊደሉ ጽሑፉ ውስጥ አይደለም ያለው፤ ማሽኑ ውስጥ ነው። ማሽኑ ያንን ፊደል ካላወቀው የራሱን ዝባዝንኬ ያወጣል።"

"ስልክስ?" አለች ሰናይት።

"ስልክማ ይብሳል። ግን እንሞክር፣ ቁጥርሽን ንገሪኝ፤ በቴሌግራም ልላክልሽ።"

ሰናይት ቁጥሯን ነገረቻት። ዘይነባ ቁጥሩን አስገባች። ፊቷ ሲለወጥ እኔ ቀድሜ አየሁ፤ ፊት ማንበብ ፊደል አይጠይቅም። ስልኳን ወደኛ አዞረችው። ከዘይነባ ሱቅ ስልክ ወደ ሰናይት ቁጥር ከዚህ በፊት የተላከ ነገር አለ። ያው ጽሑፍ። ያው ስም። የዛሬ ሦስት ዓመት።

"ጋሼ ናቸው ያስላኩኝ" አለች ዘይነባ ቀስ ብላ። "ፍላሽ ይዘው መጡና እንዳትከፍቺው አሉኝ። የማን ቁጥር እንደሆነም አልነገሩኝም። ስሙን ባየውም ስንት ሰናይት አለ፤ የባለጉዳይ መስሎኝ።"

ሰናይት ስልኩን ተቀብላ አየችው፣ አየችው።

"ይሄ ደርሶኛል" አለች። "ከማላውቀው ቁጥር ነው የመጣው። ስሜን አይቼ ስከፍተው ሳጥን ብቻ ነው። ትንንሽ ባዶ ሳጥን፣ ገጹን ሙሉ። ሰው ሁሉ ቫይረስ ነው፣ ስልክሽን ያበላሻል አለኝ። አጠፋሁት።"

ዘይነባ አፏን በእጇ ያዘች። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ዘይነባ ግን ሐቅ ሳትናገር አታልፍም፤ እንባዋን እየጠረገች ጨመረችበት። ጋሽ አያሌው ከላኩ በኋላ ሱቋ እየመጡ መልስ መጣ ወይ ይሏት ነበር። አልመጣም ትላቸዋለች። አንድ ቀን "ላይደርሳት ይችላል?" ብለው ጠየቋት። እሷ ስልኩን አሳየቻቸው። "ጋሼ፣ ይሄን ሁለት ጭረት አዩት? ሁለት ሲሆን አይተውታል ማለት ነው።" እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ጭረት ብዙ አዩ። "እንግዲያው አይታዋለች" አሉ። ከዚያ በኋላ አልመጡም።

እትዬ በላይነሽ የሱቁ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ። ያን ሰሞን ጋሽ አያሌው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በርጩማቸውን ይዘው የውጭ በር ላይ ይቀመጡ ጀመር፤ የወልድያው ሚኒባስ በሚገባበት ሰዓት። በሩን ገርበብ አድርገው። ከመስኮቴ በየቀኑ አያቸዋለሁ። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ለጎረቤቱ ሁሉ "አያሌው በስተርጅና ወጪ ወራጁን ማየት አመጣ" አልኩ። አስቄበታለሁ። መርሳ ውስጥ እንደኔ ዓይን ያለው የለም ይባላል።

ሰናይት ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥያቄዋ ተለወጠ። ጽፎልኛል፤ ግን ምን ብሎ? ይቅር ብያለሁ ብሎ ነው ወይስ እርግማኑን አጽንቶ? አርባው እየደረሰ ነው፤ ከአርባው በኋላ ወደ ወልድያ ትመለሳለች። ይህን ሳላውቅ አልመለስም ትላለች፣ መልሳ ደግሞ ባላውቀው ይሻላል ትላለች።

ሰናይት ወልድያ የምትኖርበት ግቢ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ተከራይቷል። የተማረ ሰው መሣሪያ ሁሉን ያነባል ብለን እሱ ዘንድ ሄድን። ላፕቶፑን አወጣ። ጀርባው ላይ የተገመጠ ፖም አለ። እኔ የመርሳ ሰው ነኝ፤ ማንጎና ብርቱካን ስሸጥ ነው ያደግኩት፤ የተገመጠ ፍሬ ገበያ ላይ ማን ያነሳል? ትዝብቴን ዋጥኩት። ፍላሹን ሊሰካ ቢል መሰኪያ የለውም። ሌላ መሰኪያ ከጎረቤት ተፈለገ። ተሰካ። ተከፈተ። ሳጥን። አንድ እንኳ ፊደል የለበትም፣ ከላይ እስከ ታች የተደረደረ ሳጥን።

እትዬ በላይነሽ ጎንበስ ብለው አዩ። "ይሄ ሁሉ የሬሳ ሳጥን የማን ነው?" አሉ።

መምህሩ ትሑት ልጅ ነው፤ አፈረ። ይሄ ማሽን ከነዚያኞቹ ጋር ዘሩ ሌላ ነው እትዬ፣ የድሮውን ግዕዝ ጭራሽ አያውቀውም አለኝ። እኔ ግን ነገሩ አልገባኝም። በእኛ አገር አንዱ ለጁምዓ ሶላት ይሄዳል፣ አንዱ ለቅዳሴ፣ አንድ ቤት ገብተው አብረው ይበላሉ፤ ልጃቸው ዓሊ ከበደ ይባላል፣ ማንም አይደንቀውም። ይህን ሁሉ ዕውቀት የሠራ ሰው ሁለት ማሽን ሰላም እንዲባባል ማድረግ እንዴት አቃተው?

ዘይነባም አልተኛችም። ከኢንተርኔት ሌላ የድሮ ግዕዝ አግኝታ ጫነች። ዝባዝንኬው ጠፍቶ አማርኛ ወጣ፤ እሰይ ስንል ፊደሉ ተዘባርቋል። "ልጄ" ሊል የሚችለው ቦታ ላይ "ጨቱ" ይላል። ጽሑፉን ሙሉ "ጨቱ"፣ "ፐሞ"፣ "ኘዋ" እያለ ይወርዳል። ሰናይት ድምፅ አውጥታ ልታነበው ሞከረች። ትርጉም ይኖረው ይሆን ብላ። ያ ነው ልቤን የሰበረው።

አርባው ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ድንኳንና ድስት ልቀበል እድራችን ዕቃ ቤት ሄድኩ። ዘበኛው ቁልፍ እስኪያመጣ ዓይኔ በሩ ላይ ዋለ፤ ዓይኔ ሥራ አይፈታም። አንድ የቆየ ወረቀት ተለጥፏል። "ለእድራችን አባላት፦ ዕቃ የወሰደ ሰው ይፈርም" ይላል። ይህን ወረቀት መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ጽሑፉን ሳይሆን ፊደሉን አየሁ። "ለ"ዋ እግሯ ረዘም ይላል። የ"ሰ"ዋ ትከሻ ሰፊ ነው።

ጋሽ አያሌው የእድሩ ጸሐፊ ነበሩኮ። አዲሱ ጸሐፊ መርዶውንም ጥሪውንም በስልክ ስለሚልክ ረስተነው።

"ይህ ወረቀት የት ነው የተጻፈው?" አልኩት ዘበኛውን።

"እዚሁ ነዋ፤ እድሩ ኮምፒውተር አለው አይደል? ቃሬዛው ሥር ነው።"

በጦርነቱ፣ ያን ክፉ ጊዜ፣ የከተማው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሁሉ በዘራፊ እየተጫነ ሲሄድ የእድሩ ብቻ ቀርቷል። ቃሬዛ የሚያነሳ ዘራፊ የለም። ሬሳ መሸከሚያው ሥር፣ በአሮጌ ድንኳን ተሸፍኖ፣ ዊንዶውን ማንም ሳይቀይርበት ተቀምጧል።

ሦስቱንም ጠራኋቸው፤ እትዬ በላይነሽን፣ ሰናይትን፣ ዘይነባን። ቃሬዛውን ከዘበኛው ጋር አነሳን። ዘይነባ አቧራውን በነጠላዬ ጠረገች፤ ለነጠላዬ ማን ያስፈቅደኛል። ሲበራ እንደ ወፍጮ ጮኸ። ቆየ። በጣም ቆየ። ፍላሹን ሰካች። ሰናይት ዓይኗን ጨፍናለች።

"ግለጪው" አለቻት ዘይነባ። "አማርኛ ነው።"

አማርኛ ነው። ሰናይት ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

"ልጄ ሰናይት፤ ይህን ስታነቢ ታንጉት አጠገብሽ ካለች መጀመሪያ አስወጫት። በእጄ ያልጻፍኩልሽ ጠረጴዛዬ ላይ ያለ ወረቀት ስለማያመልጣት ነው። ከማሽን ግን አታነብም።"

እትዬ በላይነሽ ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ሳቁና ዞረው ለቅሶ ሆነባቸው። ሰናይት አየችኝ። እኔም አየኋት። በእጃቸው ቢጽፉት ኖሮ በፖስታ አድርገው በሚኒባስ ይልኩት ነበር፤ ደግሞም የሚያነበው ማሽን አይፈልግም። በማሽን የጻፉት ከእኔ ዓይን ሲሸሹ ነው። ሳጥን የሆነው ከእኔ ዓይን ሲሸሹ ነው። ባጃጁን ያየሁት እኔ፣ "ቀይረው" ያልኩት እኔ፣ ወረቀቱንም ከእጃቸው ያስጣልኳቸው እኔ።

"እትዬ ታንጉት፣ ይቀመጡ" አለችኝ ሰናይት። "እርስዎ ባይኖሩ አናገኘውም ነበር።"

"አይ ልጄ" አልኳት። "የሟች ቃል ነው።"

ወጣሁ። በሩንም ከውጭ ዘጋሁት። ደጅ ያወጣነው የድንኳን ክምር ላይ ተቀምጬ በነጠላዬ ጆሮዬን ጠመጠምኩ። የእድሩ ዕቃ ቤት ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ ሹክሹክታ ያሳልፋል። አልሰማሁም ብል ታምኑኛላችሁ? የሰማሁትን ሰምቻለሁ።

ሲወጡ የሰናይት ዓይን አብጧል። የኮምፒውተሩን ገጽ በስልኳ ፎቶ አንስታዋለች። ዘይነባ ፎቶ የትም ስልክ ላይ ይነበባል አለች። ሰናይት በዚያው ቀን ከሰዓት የአባቷን በርጩማ አውጥታ የውጭ በር ላይ ተቀመጠች። በሩን ገርበብ አድርጋ። አሥር ሰዓት ላይ የወልድያው ሚኒባስ አለፈ። እሷ እዚያው ናት። እኔ መስኮቴን ዘጋሁ።

አርባው ላይ ሴቶቹ ሁሉ ከበቡኝ። ደብዳቤ ተገኘ አሉ፣ አንቺ ነሽ ያገኘሽው አሉ፣ ምን ይላል? ይቅር ብሏታል? ረግሟታል? ታንጉት እንደማትደብቀን እናውቃለን።

"አየሁት" አልኳቸው። "ሳጥን ነው። ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን ነው።"

ከንፈራቸውን መጠጡና ተውኝ። በዕድሜዬ ስንት እውነት ነገርኳቸው፤ "ታንጉት ጨምራበት ነው" ሳይሉ ያመኑኝ ይህቺን ብቻ ነው።